አሰላለፋችንን ማን ነገራቸው?

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ ላይ የተማሪዎች የእግር ኳስ ግጥሚያ ቆሜ አየሁ። የሠፈራችን ልጆች ተሸነፉ። ከሜዳ ሲወጡ አንደኛው በላብ የራሰ ማሊያውን እየጨመቀ «አሰላለፋችንን የነገራቸው ሰው አለ» አለ። ጓደኞቹ ወዲያው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። እኛም አንድ ጊዜ እንዲያ ተያይተናል።

በጣሊያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት የሞላኝ የንባብ አስተማሪ ነበርኩ። ሁሉን በቦታው ማስቀመጥ እወዳለሁ፤ ያልተጠየቅሁትንም አስረዳለሁ። አንድ ቀን ከጣሊያን ካምፕ ትእዛዝ መጣ፦ የከተማው ወጣቶች ከአስካሪዎቹ፣ ማለትም በጣሊያን ሥር ከሚያገለግሉት ጥቁር ወታደሮች ጋር ኳስ ይጫወቱ ተባለ። እምቢ ማለት አይሞከርም። ጓደኞቼ ሰልፉን እንዳወጣ መረጡኝ።

ልምምዳችን ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አያ ካሴ በሚባሉ ሽማግሌ የግጦሽ መስክ ላይ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። እስከዚያ ድረስ ኳስ የምንጫወተው እንደ ገና ጨዋታ ነው፤ ሁሉም ኳሷን ተከትሎ ይግተለተላል። እኔ ግን ሁለት ከኋላ፣ ሦስት ከመሀል፣ አምስት ከፊት ብዬ ደለደልኳቸው። ችግሩ ከኋላ መቆም የሚፈልግ መጥፋቱ ነው።

«አባቴ ከኋላ ቆሞ አያውቅም፤ እኔን ከጓዝ ጠባቂ ልትመድበኝ ነው?» አለ ዳምጤ። ወንድሙ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር፤ አንገቱ አይታጠፍም።

«የጓዝ ጠባቂ ካልበረታ ጦሩ በምን ይበላል?» ብዬ ብዙ አስረድቼ አቆምኩት።

የግጥሚያው ቀን ግን ጉድ ሆንን። ኳሷን ወደ ግራ ስንልክ አስካሪው አስቀድሞ ቆሞ ይጠብቃል፤ ወደ ቀኝ ስንልክ እዚያም አለ። አምስቱ የፊት ልጆች አንዴ እንኳ ደህና አድርገው ሳይመቱ ጨዋታው አለቀ።  ስንመለስ ዳምጤ «ነግረውብናል» አለ፤ ዓይኑ ጥሩነህ ላይ ነበር። ጥሩነህ የመሀል ተጫዋቻችን ነው፤ እንጀራውን የሚያገኘው ደግሞ ለካምፑ ማድቤት እንጨት እየፈለጠ ነው።

በማግስቱ አያ ካሴ መስኩ ላይ አውጫጭኝ አስቀመጡን። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው እንዲያ ያደርጋል፤ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ነገሩ ሳይወጣ የሚነሣ የለም። እያንዳንዱ ተራ በተራ ወደ ሽማግሌው ሄዶ የጠረጠረውን በጆሮ ይናገራል፤ ሽማግሌው ግን የተናጋሪውን ስም አያወጣም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። በሶ በውሃ በጥብጠን ከአንድ ቅል እየተቀባበልን ዋልን። ጥሩነህ ጋ ሲደርስ እሱን አልፈው ቅሉን ለቀጣዩ ሰጡ።

አያ ካሴ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወፍ ጥሩነህ ነው ብላለች።»

«ወፊቱ ትታረድ!» አለ ጥሩነህ።  ሁላችንም የምናስበውን እሱም ያስባል። ወሬው በዳምጤ ወንድም በኩል ጫካ ከገባ ባንዳ ተብሎ ማለቁ ነው፤ እዚያ ይግባኝ የለም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «አያ ካሴ፣ ይፍቀዱልኝና ልጆቹ በየቦታቸው ይቁሙ» አልኩ። ቆሙ። አስካሪዎቹ የት የት ቆመው እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ በተነገረው ቦታ ሁሉ አንድ አንድ ጋቢ አነጠፍኩ። ስንጨርስ ሁለት ጋቢ ከኋላ፣ ሦስት ከመሀል፣ አምስት ከፊት ተዘርግቷል።

«የኛው አሰላለፍ ነው» አለ አንዱ።

«የኛው ሳይሆን የነሱ ነው» አልኩ። «ከማስተማሪያዬ ስመለስ በካምፑ አጥር ሥር አልፋለሁ። አመሻሽ ላይ ለሁለት ተከፍለው እርስ በርስ ይጋጠማሉ፤ ያንን አይቼ ነው ለእናንተ ያመጣሁት። ዘወትር የሚጫወቱትን ሰልፍ ይዘን ሄድንላቸው፤ ታዲያ ኳሷ የት እንደምትሄድ ለማወቅ ነጋሪ ምን ያደርግላቸዋል?»

 አንድ ሁለቱ ሳቁ።

ዳምጤ አልሳቀም። «አንተስ አጥር ሥር ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ።

«መንገዴ ነው።»

«መንገድህ መቆሚያህ ሆነ?» ጥቂት አሰበና ቀጠለ። «እሺ፣ ነጋሪ አላስፈለጋቸውም። ይህ ግን ጥሩነህ አልነገረም ማለት ነው?»

 የሚያስረዳ ሰው በገዛ ማብራሪያው እንደሚያዝ ያን ቀን አየሁ። አያ ካሴ ግን ብድግ ብለው «ያልተረጋገጠ ነገር ደም አያፈስስም። ዳምጤ፣ ይህ ነገር ከዚህ መስክ አይወጣም፤ በማርቆስ ይዤሃለሁ» አሉ። ዳምጤ በታቦቱ ስም ሲያዝ አንገቱን ደፋ። ወሬው ጫካ አልደረሰም።

ጥሩነህ በዚያው ሳምንት እንጨት ፈለጣውንም እኛንም ትቶ ይጁቤ ወረደ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እዚያው አግብቶ፣ እህል እየነገደ ኖረ። ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ እጄን በሁለት እጁ ይይዝና «ነፍሴን ያተረፍካት አንተ ነህ» ይለኛል።

እኔም እሰይ እላለሁ፤ ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ፤ ደስታዬም የውነት ነው። ግን ይህን ሁሉ ዘመን፣ አሁን እንኳ ሁለታችንም ሸብተን፣ እጄን በያዘኝ ቁጥር የዳምጤ ጥያቄ ትዝ እያለኝ ዓይኑን ትኩር ብዬ አየዋለሁ። እሱም እንደማየው ያውቃል መሰለኝ፤ እጄን ቶሎ አይለቅም።