እርስዎ ያልኳት ድመት

ዛሬ ጠዋት ጀጎል ውስጥ አንዲት አሮጊት ድመት ከግንብ ለመውረድ ስታመነታ አየሁ። የፊት እግሯን ትዘረጋና መልሳ ትሰበስባለች። የራሴን ጉልበት ስለማውቀው ቆሜ ጠበቅኳት።

የተወለድኩት አባቴ በመምህርነት ተመድቦ በመጣበት በዚሁ በሐረር ነው። ጎረቤታችን አው ዩሱፍ መጻሕፍት ይጠርዙ ነበር፤ ቤታቸው ቆዳና የዱቄት ሙጫ ይሸታል። ሙጫውን ከአይጥ የምትጠብቀው ድመታቸው አዱሬ እኔ በተወለድኩበት ሳምንት ተወልዳለች። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላን እኔ ገመድ እዘላለሁ፤ እሷ ግን መደርደሪያው ላይ መውጣት አቃታት።

«ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ሰነፍ!» ብዬ ጮህኩባት።

አው ዩሱፍ መርፌያቸውን አስቀመጡ። «አስተግፊሩላህ! ታላቅሽን አንቺ ትያለሽ?»

«እኩያዬ ናት!»

«ነበረች። ድመት ዕድሜዋን በሩጫ ነው የምትጨርሰው። አሁን እኔ ላይ ደርሳለች፤ ለከርሞ ኢንሻአላህ የእኔም ታላቅ ናት።»

አብረን ጀምረን ጥላኝ መሄዷ ከፍቶኝ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «እርስዎ» እላት ጀመር። አቅፌ መደርደሪያው ላይ ሳወጣት «ይፍቀዱልኝ» ስላት፣ አው ዩሱፍ እስኪያስላቸው ይስቁ ነበር።

ዛሬ እኔ የያኔውን አው ዩሱፍን በዕድሜ አልፌያቸዋለሁ። ድመቷ አሁንም ግንቡ ላይ ታመነታለች። እጄን ዘርግቼ «ይፍቀዱልኝ» አልኩና ቀስ ብዬ አወረድኳት። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ለሁለት አሮጊት አይበቃም።

«ይቅደሙ» አልኩ።

እሳቸውም ቀደሙኝ።