የጥሩዬ የሸክላ ሰፈር

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ሰው አዳራሽ ተጠርቶ እኔም ሄድኩ። አንድ ወጣት መሐንዲስ የሰፈራችንን የወደፊት ምስል ግድግዳው ላይ አበራልንና፣ "ሰፈሩ የእናንተ ነው፤ አስተያየት ስጡበት" አለ። ጎረቤቶቼ አንገታቸውን አስግገው ቤታቸውን ሲፈልጉ ሳይ ጥሩዬ ትዝ አለችኝ።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ደብረ ማርቆስ ማዘጋጃ ቤት ፕላን ነዳፊ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ። በአንድ ሰፈር ሰፊ መንገድ ሊወጣ፣ የቦኖ ውሃም ሊገባ ታሰበ። አለቃዬ "ሰዉ ወረቀት አይገባውም፤ በዓይኑ የሚያየው ነገር ሥራለት" አለኝ። ሰፈሩ ዳር ወደምትኖረው ሸክላ ሠሪ፣ ወደ ወይዘሮ ጥሩዬ ሄድኩ። ሰው እንስራዋን ይገዛል እንጂ ቡዳ ናት እያለ ቤቷ አይገባም ነበር። እሷ ግን የሁሉንም ቤት በልቧ ታውቀዋለች። አንድ በአንድ በሸክላ ሠርታ ተኮሰችልኝ፤ እያንዳንዱ ጡጫ ያክላል። የባቄላ ንፍሮ ስታቀርብልኝ፣ የሚያየኝ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ በላሁ። ያ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መስከረም ላይ፣ የመንገዱ ጭቃ ገና ሳይጠፍፍ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቶቹን ሜዳ ላይ ደረደርናቸው። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው የየራሳቸውን አገኙ፤ ተሳሳቁ፣ ተከራከሩ። በመጨረሻ መንገዱን ያሳየሁበትን ገመድ አንስተው፣ የማንንም ቤት በማይነካበት በወንዙ ዳር አዞሩት። ያኔ ጥሩዬ ከሰው ኋላ ሆና፣ "እኔ ደጅ ያለው ቦታ ዝቅ ይላል፤ ቦኖው እዚያ ቢሆን ውሃው ሳይቸገር ይመጣል" አለች።

ሰዎቹ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ "እውነቷን ነው" አሉ።

የተባለውን ሁሉ ነድፌ ለአለቃዬ ወሰድኩለት። መሳቢያውን ከፍቶ፣ ቀድሞ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ፕላን አሳየኝ። መንገዱ ቀጥ ብሎ በጥሩዬ ቤት ላይ ያልፋል።

"ታዲያ ለምን ጠየቅናቸው?" አልኩ።

"የተጠየቀ ሰው አይጮህም። አንተም አፍህን ያዝ።"

ያዝኩ። እንጀራዬን ፈራሁ። ጥሩዬ ገበያ ባገኘችኝ ቁጥር "ቦኖው መቼ ነው?" ትለኛለች፤ እኔም "በቅርቡ" እላታለሁ።

ጥር ላይ ደጇ የመንገዱ ችካል ተተከለ። ቢሮዬ ድረስ መጣች።

"መቼ ነው ያወቅኸው፣ ልጄ?"

"መስከረም ላይ።"

"ነግረኸኝ ቢሆን በጥቅምት ሣር አሳጭጄ ሌላ ጎጆ እቀልስ ነበር። አሁን ሣሩን ከብት ጨርሶታል።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሳምንቱ ዕቃዋን በአህያ ጭና ወደ ደምበጫ ሄደች አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ቦኖው ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተተከለ።

አዳራሹ ውስጥ ወጣቱ "አባባ፣ እርስዎስ?" አለኝ።

ተነሥቼ "ፕላኑ ተፈርሟል?" ብዬ ጠየቅሁት። መልስ በመስጠት ፈንታ ዞሮ ከኋላው የተቀመጠውን አለቃውን አየ። ልወቅሰው አልቻልኩም፤ በእሱ ዕድሜ ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ሳልቀመጥ ጥያቄዬን ደገምኩለት። ለጥሩዬ ግን ይህ ምንም አያደርግላትም።