ጮክ ብላ ያነበበችው ፊልም

ታላቅ እህቴ የሆስፒታል ስፌት ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አንሶላ ትዘመዝማለች፣ የቀዶ ጥገና ጋዋን ትሰፋለች፣ የተቀደደ መጋረጃ ትጥፋለች። ባሏ ደግሞ ፊልም አጫዋች ነበር። ሲኒማ ቤቱ ማሽን ክፍል በጎልማሳነቱ ገብቶ የወጣው ግላኮማ ዓይኑን ቀስ በቀስ ሲወስድበት ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋበት፤ በመጨረሻ ብርሃንና ጨለማን ብቻ መለየት ቀረለት።

የዛሬ ስድስት ዓመት ደረጃ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተሰፋ። ከዚያ ወዲህ እህቴ አላስቀምጥ አላስነሳ አለችው። ሻዩን አቀዝቅዛ ትሰጠዋለች፣ ሸሚዙን ትቆልፍለታለች፣ ክንዱን ሳትይዝ በረንዳ እንኳ አታስወጣውም።

«እኔኮ የታወርኩት ዓይኔን ነው፤ እግሬ ደህና ነው» ይላታል እየሳቀ።

መስሚያዋ ጥጥ ነው።

የዓይን ክሊኒኩ የሚታጠፍ ነጭ ዱላ ሲያዘጋጅለት ሄዳ የተቀበለችው እሷ ነበረች። ለእሱ ግን «ገና አልመጣም» አለችው። ዱላውን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ደበቀችው። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያው ዓመት ሲኒማ ቤቱ አንድ ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ ስለ ቡድሂስት መነኮሳትና ስለ ፍቅር የተሠሩ የሩቅ ምሥራቅ ፊልሞች ማሳየት ጀመረ። የድሮ ባልደረቦቹ ጋበዙት።

«ባላይም ማሽኑን ልስማው» አለ። ሦስታችንም ሄድን።

ንግግሩ በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ የአማርኛው ትርጉም ከስር ይጻፋል። እህቴ መሃላችን ተቀምጣ በጆሮው ታነብለት ጀመር። አነባበቧ ሹክሹክታ መሆኑ ቀርቶ ቶሎ ሦስት ወንበር አለፈ። ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ዞሮ «እመቤት፣ ሬዲዮ ይዘው ነው የመጡት?» አላት።

እህቴ አንገቷን ደፋች። ወዲያው ከኋላ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ፦ «ኧረ ተዋት ልጄ! እንዲያውም ጮክ በይልኝ እናቴ፤ መነጽሬን ረስቼ ጽሑፉ እያመለጠኝ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሰውዬውም ራሱ ሳቀና ወደ ፊት ዞረ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዙሪያችን ያለው ወንበር ቀድሞ ይሞላ ነበር። ማንበብ የማይችሉ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ እንዲሁ ድምፅዋን የወደዱ ሁሉ እሷን ፈልገው ይቀመጣሉ።

የመጨረሻው ፊልም ስለ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበር። በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ አንድ መነኩሴ መንደሯ መጥቶ ይጠለላል፤ ሲያባራ መንገዱን ይቀጥላል። ይዋደዳሉ፣ ግን አንዳቸውም አይናገሩም። በአንዱ ዓመት ሊሄድ ሲል ምግብ የሚለምንበትን ሳህን ደበቀችበት። ያለ ሳህኑ መሄድ አይችልምና ቆየ። ሴትየዋ ግን አጠገቧ እያለም እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ሳህኑን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ያኔ የተናገረችው ከስር ተጻፈ፤ የእህቴ ድምፅ ግን ቆመ።

«ቀጥይ እንጂ እናቴ» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው።

እህቴ አነበበችው፦ «የደበቅኩት ስለምወድህ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለራሴ ፈርቼ ነው።»

ስንወጣ በሩ ላይ ቆመችና ባሏን ያዝ አደረገችው።

«ዱላህ መጥቷል» አለችው። «ከመጣ ሰባት ወሩ። ደብቄብህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ካልሲ ስፈልግ እጄ ነካው። አጥፌ፣ ዘርግቼ ሞክሬው ሁሉ መለስኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«በጣም ፈርተሽ ነበራ» አላት። «የወደቅኩ ቀን ደሜን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አላየሁትም።»

እህቴ እዚያው መንገድ ላይ አለቀሰች። እሱ መሀረቡን ከኪሱ አውጥቶ ፊቷን እየዳሰሰ ጠረገላት፤ ግማሹን አፍንጫዋን ነበር የጠረገው።

በማግስቱ ዱላውን ይዞ ብቻውን ዳቦ ሊገዛ ወጣ። እኛ መስኮት ላይ ተለጥፈን ቀረን። እህቴ እጄን ጨምድዳ ይዛኝ ጣቶቼ ደነዘዙ። መብራት እንጨቱ ጋ ሲደርስ ትከሻው ነካውና «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎት አለፈ። እህቴ እየሳቀች ታለቅሳለች። ዳቦውን ይዞ ሲመለስ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተቃና። ሲኒማ ቤቱ ማይክሮፎን ሰጣት፤ በወር አንድ ቅዳሜ የዓይነ ስውራን ማኅበር አባላት ይመጣሉ፣ እሷም ታነብላቸዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከስፌት መኪና ጋር ብቻ ያወራችውን ሴት፣ ዛሬ መንገድ ላይ በድምፅዋ ያውቋታል። ባሏም እንደልቡ ይወጣል፣ ይገባል።

ባለፈው እሑድ በአውቶቡስ ወንድሙ ቤት ሄዶ ምሳ በልቶ ዋለ። ማታ ደወልኩላትና «ብቻሽን ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አልኳት።

«ተኛሁ» አለችኝ። «ስድስት ዓመት ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ተመስገን።»