የእናቴ መርፌና ጆሮዬ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሕፃን ልጇን ጆሮ ለማስበሳት ሲቀላ ከተማ ወደተከፈተው የቆዳ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ተራ ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ፒሊንግ፣ ፊለር፣ ቦቶክስ፣ ሌዘር። የአንዱንም ትርጉም አላውቅም፣ ለማወቅም አልጓጓሁም። ከታች ግን አንድ የማውቀው ቃል ነበር፤ ኬሎይድ። እጄ ሳላዘው ወደ ቀኝ ጆሮዬ ሄደ።

ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ዶርዜ ላይ ለአንድ ሸማኔ ተድሬ፣ እንደ ደንቡ ከቤት ሳልወጣ ወራት ተቀምጫለሁ። አዲስ ሙሽራ ፀሐይ አያያትም፣ ሥራ አትነካም። ቆጮና ቅቤ እየበላች ፊቷ ጠርቶ፣ ሰውነቷ ሞልቶ፣ ከመስቀል በኋላ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ገበያውን ትዞራለች። ሶፌ ይባላል። አገር ሁሉ የሚያያት ያን ቀን ነው። ዛሬ ሴቶች ለቆዳቸው የሚደክሙትን ሳይ እስቃለሁ፤ እኛ ያንኑ ጨለማ ቤት ተቀምጠን እናገኘው ነበር። ቀላል ነበር ማለቴ ግን አይደለም። እንደኔ መቀመጥ ለማይሆንላት ሴት እስር ነው። ቀን ሙሉ የቀርከሃውን ግድግዳ እያየሁ ጆሮዬን እነካካለሁ።

ጆሮዬ ላይ ባቄላ የሚያህል እባጭ ነበር። በልጅነቴ እናቴ በመርፌና በክር በስታኝ፣ ቁስሉ ቢድንም ሥጋው ማደጉን አልተወም። እናቴ የሰፈሩን ሕፃናት ጆሮ የምትበሳ ሴት ነበረች። ከእኔ ወዲህ ግን ሕፃን ይዞ የሚመጣ ጠፋ። እጇ መጥፎ ነው ተባለ። እሷም መርፌዋን በጨርቅ ጠቅልላ ጣራው ሥር ሰካችው። ታዲያ ሶፌ ሲቀርብ እንቅልፍ የነሳኝ መልኬ ብቻ አልነበረም። ገበያውን ስዞር ሰው የሚያየው ጆሮዬን፣ የሚያማው እናቴን ነው። ከዚያ ቀን በፊት እባጩ መቆረጥ አለበት አልኩ።

የባሌ እህት አስቴር በችኮላ ከእኔ ብትብስ እንጂ አትሻልም። አማቴ ጨንቻ ለቅሶ የሄደች ዕለት፣ በጋቢ ተሸፋፍኜ ከአስቴር ጋር ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ በየመታጠፊያው ልቤ ከመኪናው ቀድሞ ይወርዳል። ጉሙ ሲገለጥ ዓባያ ሐይቅ ከታች ታየ። ሲቀላ ስንደርስ ሙቀቱ ጋቢዬ ውስጥ ቀቀለኝ። አስቴር ማንጎ ገዝታ ሰጠችኝ፣ ሳልበላው ጋቢዬ ሥር ደበቅኩት። የሚያውቀኝ ቢያየኝ ሙሽራዋ ኮበለለች መባሉ ነው።

በአንዲት ጠባብ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር አየት አድርጎኝ፣ ቀላል ነው ተቀመጪ አለ። ጆሮዬን አዮዲን ቀብቶ ማደንዘዣውን ሲያዘጋጅ አንድ ወጣት ሐኪም ገባ፤ አነጋገሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጆሮዬን ዳሰስ አደረገና ድሬሰሩን አስቆመው።

«እህቴ፣ ይሄ ኬሎይድ ይባላል። እንዲሁ ከቆረጥነው ይመለሳል፣ ከበፊቱም ሊብስ ይችላል።»

ሶፌዬ ደርሷል ብዬ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ተናድጄ፣ ታዲያ የበሳኝ ሰው ምን አድርጎኝ ነው አልኩት።

«የበሳሽ ሰው ምንም አላደረገም። የአንዳንድ ሰው ቆዳ ሲቆስል እንዲህ ይሆናል። ማንም ቢበሳሽ ሊወጣ ይችል ነበር።»

እንዳይጠፋኝ ቃሉን አስደገምኩት። ሽቅብ ስንመለስ ዝናብ ያዘን፤ እኔ ግን የማስበው ቶሎ መድረስን ብቻ ነበር፤ መደበቁን ረስቼዋለሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ለሶፌዬ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛ ተቀምጣለች። የት ነበርሽ አላለችኝም። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ጆሮዬ ላይ የአዮዲኑን ቀለም ስታይ፣ የት እንደዋልኩ ገባት መሰለኝ፣ ፊቷ ጠቆረ። ጭቃዬን ሳላራግፍ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት።

«ታዲያ እጄ አይደለም?»

«አይደለም፣ እማዬ።»

ቅቤውን አጠገቧ አስቀመጠች። የእባጩን ስም ድገሚልኝ አለችኝ።

የሶፌው ዕለት ፀጉሬን የቀባችው እሷ ናት። ፀጉሬን ስቤ ጆሮዬን ልሸፍን ስል እጄን መታ አደረገችና ወደ ኋላ መለሰችው። ገበያውን ስዞር ከጎኔ አልተለየችም፤ የጠየቃትም ያልጠየቃትም ኬሎይድ መሆኑን ሰማ። ጥቂቶች አመኗት። እስክትሞት ድረስ ግን ሕፃን ይዞላት የመጣ አልነበረም፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አንድ ቃል ሰውን ነፃ ለማውጣት ይበቃል ብዬ ነበር። ለካ ለእሷ በቅቷል፤ ለአገሩ ነው ያልበቃው።

ክሊኒኩ ውስጥ ተራችን ደርሶ ገባን። ሐኪሟ የሕፃኗን ጆሮ ከማየቷ በፊት የእኔን አየች። በዘር ሊሄድ ስለሚችል ልጅቷን ባትበሷት ይሻላል አለች፤ ለእኔም አሁን የሚቀንሰው መርፌ እንዳለ ነገረችኝ። ከዚያ፣ ጓንቷን እያወለቀች፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ጠየቀችኝ።

«ማን ነበር የበሳዎት?»

«እናቴ ናት» አልኳት። «ጥሩ እጅ ነበራት።»