እታለምን በስልክ ያዞርኩበት ክረምት

ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ሄዳ ነበር። እኛ ዘንድ ታላቅ እህት በስሟ ስለማትጠራ እታለም ነው የምላት። የምንገናኘው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። እመቤቷ ከምሳ በኋላ ስትተኛ ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ትገባና በቪዲዮ ትደውልልናለች።

በሽታው ከገባ ወዲህ እታለም ከአምስተኛው ፎቅ ወርዳ አታውቅም። ከሱቅ የመጣውን ቲማቲም አንድ በአንድ በሳሙና ታጥባለች። የበሩን እጀታ በቀን አምስት ጊዜ በበረኪና ትወለውላለች። ቆሻሻውን እንኳ ዘበኛው ከደጃፍ መጥቶ ይወስዳል እንጂ እሷ አታወርድም። አንድ ቀን እጇን ወደ ስልኩ አስጠግታ ስታሳየኝ፣ ጣቶቿ ሚያዝያ ላይ እንደሚሰነጣጠቀው የቁሐር ሚካኤል ዋልካ መሬት ሆነው ነበር። ትልቁ ጉዞዋ ልብስ ለማስጣት ወደ ጣራው መውጣት ነበር። አንድ ዓርብ እኔንም ይዛኝ ወጣች። በተሰጡት አንሶላዎች መካከል ስልኩን አሾልካ ሩቅ ያለ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አሳየችኝና ባሕሩ ያ ነው አለችኝ። ሁለት ዓመት ኖራ እግሯን አላስነካችውም።

«አሁን ደግሞ በተራሽ አንች አዙሪኝ» አለችኝ።

የት ላዙርሽ ብላት፣ «የትም። አንች እንደሆን አልተቆለፈብሽ» አለች።

እንዲህ ነው የጀመርነው። በመጀመሪያው ዓርብ ወረታ መሐል፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያይበት ቦታ ወሰድኳት። የጭነት መኪኖቹንና ተደርድረው የቆሙትን ባጃጆች አሳየኋት። አንድ ባለ ባጃጅ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ መንገደኛ ሲጠራ አይታ፣ «ምነው፣ የታመመው አገጩ ነው?» አለች። ሰውየው ሰምቷት ማስኩን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገና ለስልኩ እጅ ነሣ።

በሚቀጥለው ዓርብ ቁሐር ሚካኤል ወረድን። ቤታችን ወረታ ዳር ላይ ቢሆንም አባባ የተወለደው እዚያ ነው፤ የሩዝ መሬታችንም እዚያ ነው። መንገዱ ላይ ኔትወርክ አለ፤ ወደ ማሳው ሲወርዱ ይጠፋል። ስለዚህ አባባን ከእርሻው ጠርቼ ወደ መንገዱ አወጣሁት። ስልኩን እንደ ሰሃን በሁለት እጁ ይዞ፣ አገሩ ሩቅ ነውና መጮኽ ያለበት ይመስል፣ «ልጄ፣ በሬዎቹ እንደምን ከረምሽ ብለውሻል» አላት። እታለም ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። እኔም ይበልጥ ላስቃት ብዬ እሱን ፍለጋ ስወርድ የገባሁበትን ጭቃ ነገርኳት። «አባባ ይሙት፣ እስከ ጉልበቴ ነው የዋጠኝ» አልኩ።

አባባ አጠገቤ ነበር። «ለጭቃ ብላ ልትገድለኝ ነው ይች» አለ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት አልቆየም። ሆዴን ብሎ ተኛ፤ በአምስተኛው ቀን ዐረፈ። ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር ድንኳን አልተተከለም። ቁሐር ሚካኤል ወስደን ስንቀብረው ቀባሪው ጥቂት ነበር፤ እሱም ተራርቆ ቆሞ ነው ያለቀሰው።

በሰልስቱ ሦስት ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ፤ የእማ ታላቅ ወንድም የሆኑት አጎታችን፣ የንስሐ አባታችንና ጎረቤታችን የሆኑት ሙስሊም ባለ ሱቅ። እማ ራሷን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ከተቀበረ ጀምሮ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለልጄ ማን ይነግርልኛል?

እኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰዎች ተጠራርተው ማልደው ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሱበታል። ሐዘንተኛዋ ሴት ከሆነች፣ ስትወድቅ የሚደግፏት፣ ፊቷን ልትቧጭር ስትል እጇን የሚይዙላት ሴቶች አብረው ይገባሉ። ለብቻው ያለ ሰው፣ በባዕድ ቤት ያለ ሰው፣ እነዚያ እጆች እስኪገኙለት ድረስ አይነገረውም። ዓመት ቢፈጅም ይጠበቃል።

የንስሐ አባታችን፣ «በስልክስ አይሆንም» አሉ። «ስልክ የወደቀ ሰው አይደግፍም።»

የባለ ሱቁ ልጅ እታለም ባለችበት ከተማ ትሠራ ነበር። እሳቸው እዚያው እኛ ፊት ደወሉላትና ያገር ልጆች ሰብስባ፣ ሄዳ እንድታረዳልን ለመኗት። ልጅቱ እሷም ከአሠሪዎቿ በር ካላለፈች ሦስት ወር እንደሞላት፣ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው እንደሚያዝ ነገረቻቸው። ዘግተው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ፤ ብዙ ጊዜ ቀና ብለው አላዩንም። እንግዲህ እስኪከፈት አይነገራት ተባለ። አጎታችን ወደ እኔ ዞሩ።

«ስልኩን የምትይዥው አንች ነሽ። እንዳትነቃ።»

እሺ አልኩ። የታዘዝኩትን አሳምሬ መሥራት የምወድ ልጅ ነበርኩ። የዚያኑ ዕለት የትምህርት ደብተሬን ገልጬ ማድረግ ያለብኝን ጻፍኩ። ቤት ውስጥ አልቀርጽም። ጥቁር ልብስ ለብሼ አልታያትም። አባባ ሁልጊዜ ማሳው ላይ ነው፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ማሳው ላይ ካልሆነ ገበያ ነው። ሁለት ጊዜ በተከታታይ አንድ ምክንያት አልሰጥም። ለፈተና እንደማጠና አጠናሁት።

እናም መዞሩን ቀጠልን፤ አሁን ግን ከቤት ለመራቅ ነበር የምንዞረው። የርብን ድልድይ አሳየኋት። ሩዝ የሚፈተግበትን ወፍጮ ቤት፣ ደጁ ላይ የተቆለለውን ገለባ አሳየኋት። አባባስ ስትለኝ፣ ሊዘራ ነው፤ እየዘራ ነው፤ ሊያርም ወርዷል። እርሻውን በእውነት የሚሠሩት አጎታችን ስለነበሩ የሥራው ተራ አልተሳሳተብኝም።

እማንም ማየት ትፈልግ ነበር። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ እማ ከሉን አውልቃ፣ እታለም የላከችላትን ባለ አበባ ሻሽ በተላጨው ራሷ ላይ ታስርና ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። እታለም እማ ከሳሽብኝ ስትላት፣ የሰኔ ጾም ነው ትላለች። አንድ ዓርብ አንዲት ጎረቤታችን ልታስተዛዝን እንጀራ ይዛ ስትገባ፣ ባሏን ቀብራ ዐርባውን ያላወጣች ሴት ባለ አበባ ሻሽ አስራ ስትስቅ አየቻት። መሶቡን ደፍ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። በሳምንቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ልነግራቸው ብነሣ እማ ከለከለችኝ፤ ይበሉ አለች፤ ከሰው ሰው ሲባል ልጄ ጆሮ ከሚደርስ እኔን ይበሉኝ።

ይህን ለመጻፍ እታለምን አስፈቅጃለሁ። «የአንበሳሜውን እንዳታልፊው» ብላኛለች።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ምክንያት አልቆብኝ ስለነበር፣ አባባ በሬ ሊያይ አንበሳሜ ገበያ እየሄደ ነው፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ ብዬ አስቀድሜ ነገርኳት። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እዚያ ደውላ አታገኘኝም መስሎኝ ነበር። ብሄድ ግን ውሸቱ ግማሽ እውነት ይሆናል ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ደወለች። ኔትወርኩ ደግሞ ያን ቀን እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ የተቀመጡበትን አሳየኋት። አንዲት ሸክላ ሠሪ ማን ናት ብላ ጠየቀችኝ። ዐረብ አገር ያለች እህቴ ናት ስላት ድስት አንሥታ ስልኩ ፊት በጣቷ አንኳኳች።

«ስሚው፣ እንደ ደወል ነው። እዚያ እንዲህ ያለ አለ?»

«እዚህ ድስቱ አይጮኽም፤ የሚጮኹት ሰዎቹ ናቸው» አለች እታለም። ሴትዮዋ በሳቅ ወደቀች። እኔም ሳቅሁ። ለአፍታ ሁሉን ረስቼው ነበር።

ያኔ ነው እታለም፣ «በይ አባባን ጥሪልኝ። አብራችሁ አይደል?» ያለችኝ።

ወደ ከብት ተራው ሄድኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው አልታየኝም። ስልኩን እንደያዝኩ በሰውና በከብት መካከል እየተሽሎከለኩ «አባባ! አባባ!» እያልኩ ተጣራሁ። እየተጣራሁ ድምፄ እውነተኛ ሆነብኝ፤ ከማስመሰል አልፌ በእውነት እፈልገው ጀመር። አንድ ዱላቸውን የተደገፉ ሽማግሌ ዞረው «አቤት ልጄ» አሉኝ። እሳቸውም ያልጠራኋቸው መሆኑ ገብቷቸው ዞር አሉ። ለእታለም ሰው በዝቶ አጣሁት አልኳት። እሺ አለች። ስልኩን ስትዘጋ ግን እንደ ወትሮው ሰላም በዪልኝ አላለችም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

በነሐሴ አጋማሽ፣ በፍልሰታ፣ ዓርብ ቀን ደወለች። እኔና እማ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር፤ እማ ሻሹን አስራለች። እታለም ዛሬ የት ትወስጅኛለሽ አላለችም። ስልኩን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስደግፋ ነበር፤ ከኋላዋ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ይታያል። አባባስ ሳትለኝ በፊት አረም ላይ ነው አልኳት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ድሮ ሦስት ቃል ሳትናገሪ አባባ ይሙት ትይ ነበር። ለጭቃውም፣ ለእሳቱም። ከሰኔ ወዲህ አንድ ቀን አላልሽም። ስቆጥር ነው የከረምኩ። የምትምይው በእማ ብቻ ነው።»

ደብተሬ ላይ ልብሱን፣ ሻሹን፣ ቤቱን፣ ገበያውን ጽፌ ነበር። ይህን አልጻፍኩም። በሞተ ሰው ሕይወት አይማልምና አፌ ራሱ ትቶት ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም።

«አሁን በይልኝ» አለች። «አባባ ይሙት፣ አባባ ደኅና ነው በይኝና ስልኩን ልዝጋ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

እማ በክርኗ ጎኔን ነካችኝ። በስልኩ እንዳይሰማ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ በያት አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ሁለት ቃል ነው። ቃሉን ምላሴ ላይ አገኘሁት፤ ግን አልወጣ አለኝ። አባባ ለጭቃ ብላ ልትገድለኝ ነው ሲል ይሰማኝ ነበር። እማ እንደገና ነካችኝ። እታለም ሁለታችንንም እያየች ጠበቀች። ከዚያ ጥያቄዋን ራሷ መለሰችው።

«በቃ፣ ተይው» አለች።

ከኋላዋ የሴት ድምፅ ተጣራ። እታለም ዞር ብላ በዐረብኛ መለሰች፤ ድምጿ ምንም አልተለወጠም ነበር። ወደ እኛ ተመልሳ፣ «ነቅታለች። ሻይ ላፈላላት» አለችና ዘጋችው።

እማ ሻሹን ከራሷ ላይ ጎትታ ጣለችው። የዚያን ዕለት ለቅሶ ከቀብሩ ዕለት የባሰ ነበር። ለቅሷችንን ሰምተው አጎታችንና የንስሐ አባታችን መጡ። እኔ ጥፋተኛ መሆኔን ተናገርኩና ቁጣ ጠበቅሁ። አጎታችን ግን አልተቆጡኝም።

«አጠገቧ ማን ነበር?» ብቻ አሉኝ።

«ማንም።»

«ማንም» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ደፉ ላይ ተቀመጡ። የንስሐ አባታችን ጸሎት ጀመሩ። ባለ ሱቁ ለልጃቸው ደጋግመው ደወሉ፤ ልጅቱም እያለቀሰች ያንኑ ነገረቻቸው፤ በሩ ተቆልፏል። እኛ ወረታ ላይ አራት አምስት ሰዎች ሆነን ተቃቅፈን አለቀስን። እሷ ሻይ እያፈላች ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ አልደወለችም። ዓርብ በሰዓቷ ደወለች። ዓይኗ አብጧል። በሽንኩርቱ ነው ብላት እመቤቷ እንዳመነቻት ነገረችኝ። ስለ ውሸቴ አላነሣችም። «ቁሐር ውሰጅኝ» አለች። «ወደ እሱ።»

በባጃጅ ወጣሁ። ርብ ሞልቶ ወጥቶ ስለነበር ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆኗል። ባለ ባጃጁ መንገዱ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ላይ ቆመና ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለ። ታንኳ ያላቸው ሰዎች ከብትና እህል ሊያወጡ ሄደዋል። ከሩቅ የሚታዩት የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ብቻ ነበሩ። ስልኩን ወደዚያ አዞርኩላት።

«ዛፎቹ ሥር ነው» አልኳት። «በምሥራቁ በር በኩል።»

«የቱ ጋ? እኔ ውሃ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጥቂት ብጠጋ የሚታያት መስሎኝ ነበር። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ከሥሩ ጭቃው እግሬን ይይዛል። ስልኩን ከራሴ በላይ አነሣሁት። ምሥሉ ይቆራረጥ ጀመር።

«እስከ የት ገባሽ?» አለችኝ።

«እስከ ጉልበቴ።»

ድምጿ ጠፋ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትሁን አላወቅሁም። ባለ ባጃጁ ዝናብ መጣ ብሎ ክላክሱን ነፋልኝ። እኔ ስልኩን ከፍ አድርጌ እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩ፤ ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረም።