ኦቾሎ የከረመው ጠርሙስ

ዛሬ ጠዋት አንገቱ ላይ ሪባን የታሰረለት የቀይ ወይን ጠርሙስ ቢሮዬ ድረስ መጣልኝ። ያመጣው ሾፌር ብዙ የሚያደርሰው ስለነበረው ጠረጴዛዬ ላይ አቁሞት እየተቻኮለ ወጣ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስቼ ሳየው ግን ያ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቅላቱ ከቢሮዬ አንስቶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አባቴ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠኝ።

በወይን ስጦታ ጉዳይ ማንም አያስተምረኝም፤ ያደግሁት በጠርሙስ መሀል ነው። አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበርና በየበዓሉ ባልደረቦቹ ቀይ ወይን ይዘው ይመጣሉ፣ እሱም ለእነሱ ይወስዳል፤ የሚጠጣ ግን የለም። ባለመስታወቱ ቡፌ ውስጥ ከፕላስቲክ አበባው ጋር ተደርድሮ የቆላውን ሙቀት ሲጠጣ ይከርማል። የሰው ስጦታ ቶሎ ከፍቶ መጨለጥ ለአባቴ ስግብግብነት ነበር። እናቴ አቧራውን በጠረገች ቁጥር "እነዚህ ጡረታ ሊወጡብን ነው" ትላለች።

አንድ የመስቀል ሰሞን ታዲያ ከመሀላቸው ያማረውን መርጦ ደጋ፣ ኦቾሎ መንደር ላሉት ታላቅ ወንድሙ፣ ለጋሼ ኦይቻ፣ ይዞላቸው ወጣ። በአባታቸው የእንሰት ማሳ ሰበብ ተጣልተው ሰላምታ እንኳ አቋርጠው ነበር። የጋሞ ሰው ደግሞ ተኳርፎ መስቀልን አይበላም፤ ሽማግሌ ገባ፣ የዕርቁ እርጥብ ሣር ተያዘ፣ ታረቁ ተባለ። አባቴ ግን የአፍ ዕርቅ አልበቃውም፤ ወንድሙ ከልባቸው ይቅር እንዳሉት ማየት ፈለገ። ከፍተው ከጠጡት ይቅር ብለውኛል ማለት ነው ብሎ ወይኑን ሰጥቷቸው ተመለሰ።

በዓመቱ ስንወጣ ጠርሙሱ እንደታሸገ፣ ጋሼ ኦይቻ ከሚሸምኑበት ቦታ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ሥጋው ተበላ፣ ቆጮው ቀረበ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ አወሩ፤ የአባቴ ዓይን ግን ከመደርደሪያው አልተነቀለም። አባያ ሐይቅን ከታች እያየን ቁልቁል ስንመለስ እናቴን "ይቅር አላለኝም" አላት። በቀጣዩ መስቀልም ያው ሆነ። ዕድሜ ልኩን አንድ ጠርሙስ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ወንድሜ አልከፈተልኝም ብሎ እንቅልፍ አጣ፤ ጉድ እኮ ነው።

በሌላው ዓመት እናቴ አልቻለችም። ማዕዱ ሳይነሳ "ጋሼ፣ ይሄን ወይን ለምን አይጠጡትም? ወንድምዎ እኮ በሐሳብ አለቀ" አለቻቸው። ጋሼ ኦይቻ ለእሷ ሲሉ ብቻ በሚናገሯት አማርኛቸው፣ ረጋ ብለው፣ "መች ቀምሶ ሰጠኝ? የሰጠ ሰው ነው መጀመሪያ የሚቀምስ። እሱ አስቀምጦልኝ ሄደ። ልቡ ገና ነው ብዬ ዝም አልኩ" አሉ።

አባቴ አቀረቀረ። ጠላ የሚቀዳ ሰው እንኳ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ እያወቀ፣ ወይኑ ከፋብሪካ ታሽጎ ስለመጣ ደንቡ ጠፍቶበት ነበር።

መክፈቻ ስላልነበረ ቡሹን በቢላ እጀታ ወደ ውስጥ ገፉት። ሽታው ገና ሲወጣ ገባን፤ ያን ያህል ዓመት ሙቀትና ጭስ የጠጣ ወይን ኮምጣጤ ሆኗል። አባቴ ፊቱን ሳያጨማድድ ተጎነጨና ብርጭቆውን በሁለት እጁ ለወንድሙ ሰጠ። ጋሼ ኦይቻም ጨለጡት፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ "ጥሩ ነው፤ ድገመኝ" አሉ። ተቀባብለው ጨረሱት። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ ኮምጣጤው ነው ትላለች።

አሁን ሁለቱም ወንድማማቾች የሉም። ወይን መስጠቱ ግን እንደ ጉድ በዝቷል፤ ወይኑም ቢሆን ከያኔው ይሻላል፣ አልዋሽም። የዛሬውን ካርድ ግራና ቀኝ አገላበጥኩት፤ የድርጅት ማኅተም እንጂ የሰው ስም የለበትም። ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አቆምኩት። እዚያው ይቆያል፤ ቀምሶ የሚሰጠኝ የለማ።