በበሩ አጠገብ የምትቀመጠው ወንበር

ወንበሯን በመሐረቡ ወለወላት። አንድ እግሯ ስለሚነቃነቅ ወረቀት አጥፎ ሸጎጠላት።

በከተማው የውሃ አማካሪ ኮሚቴ ላይ መንግሥት የመደበው ተቆጣጣሪ ነው። ስብሰባው ያለ እሱ አይከፈትም፤ ሕዝብ እንዳይገባ ከተከለከለም ስብሰባውን የመዝጋት ሥልጣን አለው። በሃያ ሁለት ዓመት ግን አንድም ቀን ዘግቶ አያውቅም። ማስታወቂያውን ከአሥራ አምስት ቀን በፊት በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይለጥፋል፤ ለሚመጣ ሰው ብሎም ይህችን ወንበር ያሰናዳል። የሚመጣ ስለሌለ ባልደረቦቹ፣ «ሙሽራይቱ ዛሬም ቀረች?» እያሉ ያሾፉበታል።

የዚያን ቀን ሚስቱ የተቀደደ ጫማዋን በፌስታል አስይዛዋለች። «አደራህን፣ አሰፋልኝ። ነገ እህቴን ሆስፒታል ሄጄ የምጠይቅበት ሌላ ጫማ የለኝም» ብላዋለች።

የስብሰባው ጉዳይ የታችኛው ሰፈር የውሃ ቦኖ ይዘጋ ወይስ ይቆይ የሚል ነበር። ገና ሲጀመር አንዲት አሮጊት ልብስ አጣቢ ገብተው በወንበሯ ጫፍ ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ውጭ ይጠብቁ። ሲያልቅ እንነግርዎታለን» አላቸው ስብሰባውን የሚመራው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ።

«ከተዘጋማ ባልዲዬ ይነግረኛል፣ ልጄ። እኔ የመጣሁት ሳይዘጋ ልሰማ ነው።»

ኃላፊው ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ። «አስወጣቸውና በሩን ዝጋው።»

ተቆጣጣሪው ተነሣ።

«እሳቸው ከወጡ ስብሰባው ይዘጋል፣ ጌታዬ።»

«ጡረታህ ስንት ወር ቀረው?»

«ሰባት።»

«ሰባት ወር ብዙ ነው። አስወጣቸው።»

«አውቃለሁ» አለና ስብሰባው የተዘጋበትን ሰዓት ጽፎ መዝገቡን ከደነ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሱም።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«አይደሉም፣ እናቴ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንደገና ይጠራል። ማስታወቂያ በሩ ላይ እለጥፋለሁ፤ ጎረቤቶችዎን ይዘው ይምጡ።»

«እኔስ የታጠበ ልብስ ላደርስ መጥቼ ነው የሰማሁት። ከእኛ ሰፈር ማን እዚህ ድረስ መጥቶ በር ያነባል?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ሲወለውል፣ ይህ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለውም።

አዲሱን ማስታወቂያ በእጁ ጽፎ አብሯቸው ወረደ። ቦኖው አጠገብ ካለው የእንጨት ምሰሶ ላይ በአራት ሚስማር መታው። ውሃ ሊቀዱ ከተሰለፉት ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ ዘግይተው ለመጡትም ደገመላቸው።

ሲመለስ ጫማ ሰፊው ሣጥኑን ቆልፎ ሄዷል። ፌስታሉ እንደ ጠዋቱ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።